አከራዩ ዳኛ ሲሆን፦ ከቀበሌ ቤት እስከ ግሌንዴል

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መሽቶበት ደጁ ላይ ለቆመ መንገደኛ። ይህ ቸር ቃል ለእንግዳ እንጂ ለተከራይ ተብሎ አያውቅም። እንግዳ ሲነጋ ይሄዳል፤ ተከራይ ግን ወር ሲሞላም እዚያው ነው። እንግዳ ለመቀበል ያማረ ሥርዓት ያለን ሕዝብ፣ የአከራይንና የተከራይን ጠብ ለመፍታት ያለን ሥርዓት ግን እጅግ የሳሳ ነው። ለምን ሳሳ? ይህን ጥያቄ እንድናነሳ ያስገደደን በበረዶው ወራት እዚሁ ግሌንዴል የገጠመን አንድ ጉዳይ ነው።

ግሌንዴልን ለማታውቁ ወገኖቻችን፣ ዙሪያዋን በዴንቨር የተከበበች፣ ነዋሪዋ ከ5 ሺህ በታች የሆነ፣ በአፓርታማ የተሞላች ትንሽ ከተማ ናት። በዴንቨር ሆድ ውስጥ ብትሆንም የዴንቨር አይደለችም፤ የራሷ ከንቲባ አላት፣ የምትገኘውም በአራፓሆ ካውንቲ ነው። ከእኛም መካከል በዚህ አገር የመጀመሪያውን ቁልፍ በእጁ የያዘው እዚህ የሆነ ጥቂት አይደለም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኦሮራ የሚኖር አንድ ወገናችን ግሌንዴል ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤቱን ለአንድ ባልና ሚስት አከራየ። በጥር ወር ማሞቂያው ተበላሸ። ተከራዮቹ ደወሉ። «ጥቂት ታገሡ» ተባሉ። ሦስት ሳምንት ታገሡ፤ ከዚያም ኪራዩን ያዙ። አከራዩ «ቁልፉን እቀይራለሁ» አለ። ነገሩ ሲከር ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ጠራ፤ ከተጠሩት መካከል እኛም ነበርንበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ልጆቼ፣ ውላችሁን እስቲ አሳዩን» ሲሉ ሁለቱም ወገን አንገቱን ደፋ። ውል አልነበረም። «ጋሼን ውል ፈርሙልን ማለት ነውር መስሎን ነው» አለች ሚስት። «እኔም ያገሬን ልጆች በወረቀት ላስር?» አለ አከራዩ።

እኛን ያስገረመን ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። አከራዩ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ዝም ካልኩ ቤቴን ይወርሱብኛል» አለ። አባቱ ያሠሩት ቤት በ1967 ዓ.ም. ተወርሶባቸዋል። ባልየው ደግሞ አዲስ አበባ በቀበሌ ቤት ተወልዶ ያደገ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በብርድ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠየቅ፣ «በቤት ነገር የተናገረ ይወጣል ብሎ አባቴ አስተምሮኛል» አለ። እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ማሞቂያ የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ይዘውት የመጡት ፍርሃት አንድ የልደት ቀን አለው። እርሱም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ወደዚያ ቀን ከመድረሳችን በፊት ከዚያ የነበረውን ማየት ይገባል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቷ ለመሳፍንቱ፣ ለመኳንንቱ፣ ለጦር አለቆቹና ለአድባራቱ ተሰጠ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉ ስሞች ዛሬም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው፤ ሰፈር ማለት የአንድ ጌታ ይዞታ፣ በዙሪያው ደግሞ የጌታው ሰው ማለት ነበር። ስለዚህ በከተማችን የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ሲወለድ የሁለት ተዋዋዮች ግንኙነት ሆኖ አልተወለደም። የጌታና የአዳሪ ግንኙነት ሆኖ ነው የተወለደው። በገጠር ጭሰኛው ለባለ መሬቱ እንደሚሰግድ ሁሉ፣ በከተማም ተከራይ ለባለ ቤቱ ይሽቆጠቆጥ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ለመለወጥ ሞክሯል። በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው ይህ ሕግ ስለ ቤት ኪራይ የተለየ ክፍል ነበረው፤ አከራይንና ተከራይን እኩል ተዋዋዮች አድርጎ አቆማቸው። ሆኖም ሕጉ በመጽሐፍ ሲኖር ኑሮው በደጅ ጥናት ቀጠለ። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ በከተማም በኪራይ የተማረረ ሕዝብ ነበር።

በአንጻሩ አከራይ ሁሉ መስፍን አልነበረም። ባሏ የሞተባት ጠጅ ሻጭ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ጸሐፊ፣ ከጓሮው ሁለት ሦስት የጭቃ ክፍሎች ቀጥሎ በዚያች ኪራይ ልጆቹን ያስተምር ነበር። በኋላ የመጣው አዋጅ ግን ባለ መቶ ቤቱን መስፍንና ባለ ሦስት ክፍሏን መበለት በአንድ ወንፊት ነፋቸው።

ደርግ የገጠርን መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ካወጀ ከአምስት ወር በኋላ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ቤት አከራይቶ መኖር ተከለከለ፤ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ቀረ ተባለ። አነስተኛ የነበሩ ኪራዮች እንደየመጠናቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሱ።

ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ በዚያን ቀን የጨፈረው ሕዝብ ያለ ምክንያት አልጨፈረም። ኪራዩ በግማሽ የቀነሰለት የቀን ሠራተኛ፣ «ነገ ልቀቅ» ከሚል ጌታ የተገላገለ ተከራይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። አዋጁን የሚቃወም ሁሉ ይህን ደስታ እንዳልነበረ አድርጎ ሊጽፍ አይገባም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። የአከራይና የተከራይ ግንኙነት በእርግጥ ቀርቶ ነበርን?

አልቀረም። የቀረው የግል አከራይ ነው። በእርሱ ቦታ ሌላ አከራይ ተተካ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ለተባለው መሥሪያ ቤት ሄዱ። «ማኅበር» የሚለውን ቃል አስተውሉት። በወግ ማኅበር ማለት እኩያሞች በፈቃዳቸው የሚሰበሰቡበት፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ጽዋው ነው። አሁን ግን ማኅበር የተባለው አካል ኪራይ ሰብሳቢ ሆነ። በዚሁ አዋጅ ደግሞ የፍርድ ሸንጎ ተሰጠውና በቦታና በቤት ክርክር ዳኛ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ሥልጣኑ ይበልጥ ሰፋ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድም ታጠቀለት። የስኳርና የዘይት ራሽን የሚታደለው በእርሱ ሱቅ፣ መታወቂያ የሚሰጠው በእርሱ ማኅተም ሆነ። ቀይ ሽብር ሲመጣ አዳራሹ እስር ቤት ሆነ።

ውድ አንባብያን፣ የጣራው ቆርቆሮ ያፈሰሰበት ሰው እንግዲህ ለማን ይናገር? አከራዩ ቀበሌ ነው። ስለ አከራዩ የሚከሰሰው በቀበሌ ሸንጎ ነው። ፍርዱን የሚያስፈጽመው የቀበሌ ጥበቃ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የጥንት ተረት በሶሻሊዝም ስም ወደ እያንዳንዱ ጓሮ ገባ። ድሮ ጌታ ሲበድል ሽማግሌ ይላክበት፣ ጎረቤት ይማልድ ነበር፤ ከጌታው ሌላ የቆመ ሦስተኛ ሰው ነበረ። በቀበሌ ዘመን ሦስተኛው ሰው ጠፋ። ተከራዩ ከማንኛውም ጌታ ይልቅ ርካሽ ኪራይ አገኘ፤ አፉን ግን ከኪራዩ ጋር አብሮ ከፈለ።

ጣራውም ቢሆን አልታደሰም። ጥቂት ብር የሆነው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ቆሞ ስለቀረ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ገንዘብ ለማደስ ይፈራ ነበር። ለኪራይ ቤት መሥራት ስለቆመ አዲሱ ትውልድ በአባቱ ክፍል መጋረጃ እየጋረደ አገባ፤ ደባል እያስገባ ኖረ። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በልደታ ያየነው የዘመመ ጭቃ ቤት የድህነት ውጤት ብቻ አይደለም፤ ማንም የማይጠየቅበት ኪራይ ያስከተለው ውጤት ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ አከራዩ ግን አልተለወጠም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸና። በአዋጅ 47 የተወረሱትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ቀሩ። ግል ኪራይ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ያለ ሥርዓት መጣ። ደላላ ያገናኛል፤ ውል የቃል ነው፤ አከራዩ ከሦስት ወር በኋላ «ጨምሩ ወይም ልቀቁ» ይላል። በአንድ በኩል ተከራይን ዝም ያሰኘ የመንግሥት ቤት፣ በሌላ በኩል ተከራይን ከሰፈር ሰፈር የሚያንከራትት የግል ቤት። አብዛኛው የአዲስ አበባ ተከራይ ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እያዛወረ የኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

መንግሥት ጣልቃ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚወሰነው መጠን እንዲጨመር ደነገገ። በራሱ ሲታይ ብዙ ተከራይ ሲመኘው የኖረ ሕግ ነው፤ ይህን አንክድም።

ነገር ግን በዚያው መጋቢት ወር በፒያሳ ምን ይሆን እንደነበር አንዘነጋም። በኮሪደር ልማት ስም በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው ለትውልድ የኖሩ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች በአጭር ማስጠንቀቂያ ተነሡ፤ ዕድራቸው ተበተነ፤ ቤታቸው ፈረሰ። በአንድ ወር ውስጥ ያው መንግሥት የግል አከራይን «ተከራይህን ሁለት ዓመት ጠብቅ» እያለ፣ ራሱ አከራይ በሆነበት ቦታ ግን በዶዘር መጣ። ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ ፍርሃቱ ያልለቀቀን ለዚህ ነው። ከሳሽ የሚሆነው ተከራይ፣ ተከሳሽ የሚሆነው አከራይና የሚፈርደው ዳኛ ሦስት ሰዎች እስካልሆኑ ድረስ አዋጅ ብቻውን ሰው አያሳድርም።

አሁን ወደ ግሌንዴል እንመለስ። አሜሪካ የተከራይ ገነት ናት ልንል አይደለም። ኮሎራዶ ተከራይ ሊኖርበት የሚገባ ቤት የማግኘት መብት እንዳለው በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የኪራይ ጣሪያ መወሰን ከ1981 ጀምሮ በከተሞች ላይ የተከለከለ ሲሆን፣ ይህን ለመሻር በ2023 የቀረበው ረቂቅም አልተሳካም። በነሐሴ 2024 በጎረቤታችን ኦሮራ፣ ባለቤቶቹ ችላ ያሉትን አንድ አፓርታማ ከተማው ሲዘጋ ሜዳ ላይ የቀሩት ተከራዮቹ ነበሩ። ሕግ በጊዜው ካልተፈጸመ እዚህም ተከራይ ላይ ይወድቃል።

ይሁንና እዚህ ሦስተኛው ሰው አለ። ግሌንዴል የተነሳ የኪራይ ክርክር የሚታየው በአራፓሆ ካውንቲ ፍርድ ቤት እንጂ በአከራዩ ሸንጎ አይደለም። ስለዚህም ለሁለቱም ወገን የሚበጀውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

ለአከራይ፦ ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውኃ መቁረጥ ሕገ ወጥ ነው። ተከራይን ማስወጣት የሚችለው ሸሪፍ ብቻ ነው፤ እርሱም በፍርድ ቤት ትእዛዝ። ኪራይ ካልተከፈለ ከ2019 ጀምሮ በአብዛኛው ቤት ላይ የ10 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት ግድ ነው፤ ቀድሞ 3 ቀን ነበር። የመዘግየት መቀጫ ኪራዩ 7 ቀን ሳያልፈው አይጠየቅም፤ መጠኑም ከ50 ዶላር ወይም ከዘገየው ገንዘብ 5 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው አያልፍም። ኪራይ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨመርም። ዲፖዚት የምንለው ማስያዣ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ተከራዩ ሲለቅ በአንድ ወር፣ ውሉ ካስረዘመው ግን ቢበዛ በ60 ቀን ይመለሳል፤ ሆን ብሎ ያስቀረ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። የተከራይን የመኖሪያ ፈቃድ እያነሱ ማስፈራራትም በ2020 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው።

ለተከራይ፦ ብልሽትን በስልክ ነግሮ መተው አይበቃም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ ቀኑን ጠቅሶ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። በ2024 በተሻሻለው ሕግ መሠረት አከራዩ ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጋውን ብልሽት በ24 ሰዓት፣ ሌላውን በ72 ሰዓት ውስጥ መጠገን መጀመር አለበት። በጽሑፍ ሳያሳውቁና የሕግ ምክር ሳያገኙ ኪራይ መያዝ ግን ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ሕግ ከ12 ወር በላይ የኖረን ተከራይ ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣትን ይከለክላል። ነገር ግን አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ቤት ቤዝመንት የተከራየ ሰው በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ብዙዎቻችን የምንኖረው ደግሞ እንዲህ ባለው ቤዝመንት ነው። ሕጉ በሳሳበት ቦታ ውሉ መወፈር አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የኮሎራዶ ሕግ ተከራዮች ማኅበር ሲያቋቁሙ ወይም ሲያቤቱታ አቅርበው ሲገኙ አከራይ እንዳይበቀላቸው ይከለክላል። ይህችን አንቀጽ ስናነብ ስለ ቀበሌው አስበናል። በአገራችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተባለው ራሱ አከራይ ሆኖ ቀረ። እዚህ ማኅበር ማለት አከራይ የማይነካው የተከራዮች ጉባኤ ነው። ማኅበር የሚለውን ቃል ከቀበሌ ማኅተም ነጥቀን ወደ ጥንት ትርጉሙ ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ቦታ አናገኝም።

«ሽምግልናችንን በፍርድ ቤት ልትተኩብን ነውን?» የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም። ሽምግልና ወርቅ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚፈርደው በተጨበጠ ነገር ሲሆን ነው። የድሮ አባቶቻችን ርስት ሲሸጡ ምስክር ያቆሙ፣ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ገና ፊደል ባልተስፋፋበት ዘመን እንኳ ቃል ያለ ምስክር ውል አልነበረም። «በሕግ አምላክ!» ብሎ መንገደኛውን ማስቆምና ወደ ዳኛ መውሰድ የእኛው ሥርዓት ነበር። ውልን ነውር ያደረገብን ባህላችን ሳይሆን ፍርሃታችን ነው። ወረቀት ሁልጊዜ ከቀበሌ ጠረጴዛ ስለመጣብን፣ ወረቀት ማለት መወረስ ወይም መባረር መስሎን ቀረ።

የማሞቂያው ነገር እንዴት አለቀ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አከራዩ በማግስቱ ባለሙያ ላከ። ተከራዮቹ የያዙትን ኪራይ፣ በብርዱ ወራት የገዙትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዋጋ ቀንሰው ከፈሉ። ከዚያም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ውል ተጻፈ፤ የቤቱ ዕቃ ተቆጥሮ ፎቶ ተነሣ፤ ደረሰኝ መቁረጥ ተጀመረ። አከራዩ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። «ይህ ወረቀት ቤቱ የእኔ መሆኑንም ይናገራል?» ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይናገራል አልነው። ባልየው ደግሞ፣ «ብናገርም አልባረርም ይላል?» አለ። እርሱም በሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። ሁለቱም ፈረሙ።

በእኛ እምነት ስለ ነገዪቱ ኢትዮጵያ የሚነሡት ታላላቅ ጥያቄዎች፣ የመሬት ባለቤትነትም ሆነ የፍርድ ነጻነት፣ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ጥያቄ ውስጥ ተጠቃለዋል። ያለኝን እንዳልቀማ፣ ብናገር እንዳልባረር። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማኖር የቻለ አገር ቤት አለው። እኛ በስደት ያለነው ይህን መልመድ ያለብን ከመንግሥት ለውጥ በኋላ አይደለም። ዛሬ፣ በግሌንዴልና በኦሮራ፣ ከምናከራየው ክፍልና ከምንከራየው ቤዝመንት እንጀምር። አገር ቤት ያላችሁም አዲሱ አዋጅ የሰጣችሁን የጽሑፍ ውል አትናቁት፤ ያዙት፣ አስመዝግቡት፣ ቅጂውንም ደብቃችሁ አኑሩ።

ቸር ይግጠመን።